ነብሮን ስጠራው

መቱ ላይ በእኛ ሰፈር የሚጮኸው ውሻዬ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ነብሮ የጎረቤት በግ ሲያሳድድ «ና! ና አንተ!» ብዬ ብጮህ ጭራሽ ሸሸኝ። ባለበጉ ጦሩን አንስቶ «ሁለተኛ ካየሁት እወጋዋለሁ» አለኝ። ከሁሩሙ ማር የሚያመጣልን ሽማግሌ፣ ኦቦ ፈይሳ፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ ሁሉን አይቷል።

«ሲመጣ ምን ታደርገዋለህ?» አለኝ።

«በአለንጋ ነዋ! እንዲማር።»

«ተምሯል እኮ። ከመጣ እንደሚገረፍ ተምሯል። እኔም ብሆን አልመጣም።»

ተናደድኩ፤ እሱ ግን «አንዴ ብቻ ጥራው» አለኝ፤ «ድምፅህን አታንሳ። ቢዘገይም ሲመጣ አትምታው። ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ አትሁንበት።»

አለንጋውን ሰቅዬ በየቀኑ ደጃፌ ላይ እየተቀመጥኩ ቀስ ብዬ እጠራው ጀመር። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ እጄን ያይ ነበር። እየዋለ እያደረ ቀረበኝ። አንድ ቀን ያንኑ በግ ሊያባርር ሲነሳ «ነብሮ፣ ና» አልኩት። በጉን ትቶ መጣና እግሬ ሥር ተኛ።

ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ስታየን ነበር። «እስቲ እኔንም» አለችኝ፣ «እንደሱ ይጥሩኝ።»