ጋሼ ጎል ለራሳቸው ያልደወሉት ስልክ

ከቅርብም ከሩቅም ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ በድምፅ ብቻ ታውቋቸው የነበራችሁ አድማጮቻቸውም ጭምር፣ ጋሼ ጎል እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት የሬዲዮ ኳስ አስተላላፊ ከውልደት እስከ ኅልፈት ያሳለፉትን ሕይወት ታላቅ እህታቸው ታነብላችኋለች፤ ሟች ስለ ራሳቸው ሲወራ ስለማይወዱ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ወረቀቱን ከእጇ ይነጥቋት ነበር።

ጋሼ ጎል ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ እናታቸው በሥራቸው ብዙ ሕፃን አቅፈው የኖሩ ቢሆኑም እንደዚህ የሚጮህ ልጅ አላየሁም እያሉ ይናገሩ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ሲሆን፣ በእረፍት ሰዓት አጥር ላይ ወጥተው የጓደኞቻቸውን ጨዋታ ሲተርኩ ስለሚውሉ፣ ኳሷን በእግራቸው ሳይነኳት ጉሮሯቸው ተዘግቶ ወደ ክፍል ይመለሱ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሬዲዮ ጣቢያ የቴክኒክ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ አንድ እሑድ አስተላላፊው ታምመው ቢቀሩ ማይኩን ያዙ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላስለቀቃቸውም። ታዋቂነት ለሌላው ሰው ቤትና መኪና ያመጣል፤ ለእኒህ ሰው ያመጣላቸው ባለጉዳይ ነው። ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት ስልክ ደውለው ገና ሃሎ ሲሉ ኃላፊው ድምፃቸውን ለይቶ ይፍነከነካል፤ ስለ እሑዱ ጨዋታ አውርተው አውርተው ሊሰናበቱ ሲሉ፣ እግረ መንገዳቸውን የአንዲት እናትን የሕክምና ወረፋ ወይም ያለ ጥፋቱ የታገደ የአንድ ዘበኛን ጉዳይ ያነሣሉ፤ እምቢ ማለት የሆነለት ሰው ጥቂት ነው።

ትዳር የመሠረቱት፣ በሽተኛ ሊጠይቁ ሆስፒታል ገብተው ሲጮኹ ድምፅዎን ይቀንሱ ብለው ከተቆጧቸው ነርስ ጋር ሲሆን፣ ሁለት ሴቶች ልጆችም አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከአዳር ሥራ ደክሟቸው ሲመለሱ ሳሎኑ በማያውቁት ሰው ተሞልቶ፣ የራሳቸው ወንበር ተይዞ፣ ምሳው ተበልቶ ይጠብቃቸው እንደነበር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ታላቂቱ ልጃቸው ተመርቃ ሥራ ባጣች ጊዜ አንድ ስልክ እንዲደውሉላት ብትለምናቸው፣ ለልጄ ከለመንኩ ነገ ለሰው ልጅ የምለምንበት አፍ አይኖረኝም ብለው አሳፍረው መለሷት፤ ልጅቱም እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ድምፃቸው መሻከር ሲጀምር ባለቤታቸው እየጎተቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው፤ ሐኪሙም ጉሮሯቸው ውስጥ ዕጢ መኖሩን፣ ቶሎ ካልወጣ እንደሚገድላቸው፣ ሲወጣ ግን ድምፃቸው አብሮ እንደሚሄድ ነገራቸው። በዚያው ሰሞን ማዘጋጃ ቤቱ በከተማው ያለውን የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስነሥቶ ቦታውን የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሥቶ ስለነበር፣ እኒህ ሰው፣ ምን ይባላል፣ ለትምህርት ቤቱ ደውለው እስኪለምኑ ቀዶ ሕክምናውን አቆዩት። መልኬን የሚያውቀው የለም፣ ድምፄ ከሄደ ማን ነኝ ብዬ እደውላለሁ ነበር ምክንያታቸው። ባለቤታቸው ለመኑ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻም ስልኩን ደበቁት፤ ሟች ግን ጎረቤት ገብተው ይደውሉ ነበር፤ ጎረቤትም ያቀብላል።

ትምህርት ቤቱ ባለበት እንዲቆይ በተወሰነ ማግሥት፣ ሽልማት እንደተቀበለ ሰው ደስ ብሏቸው ሆስፒታል ገቡ። ዕጢው ወጣ፤ በሽታው ግን ቀድሞ ወደ ሳንባቸው ወርዷል። ድምፃቸውን ካጡ በኋላም አርፈው አልተቀመጡም፤ የአንድ አቅመ ደካማን ጉዳይ ይዘው በአካል ቢሄዱ፣ በስልክ ወንድሜ፣ ጌታዬ ሲላቸው የነበረው ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወረፋ ይያዙ አላቸው፤ እሳቸውም ያዙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ቤተሰቡ የተሻለ አልጋ እንዲሰጣቸው ለሆስፒታሉ ኃላፊ ሊደውል ቢነሣ፣ ለእኔ ብላችሁ ለማንም እንዳትደውሉ ብለው በጣታቸው አስጠነቀቁ፤ ብዙ ሕመምተኛ በተኛበት ክፍል፣ በር ሥር ባለች አልጋ ላይ እንዳሉ ዐረፉ።

ባለቤታቸው ይህ ቃል ሳይቀነስ እንዲነበብ አዝዘዋል፤ በጊዜው ቢታከሙ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልተሰበሰብን ነበር። ቁጣቸው ግን በሟች ላይ እንጂ፣ ዛሬ ጠዋት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ ራሳቸው ተነሥተው አጠገባቸው ባስቀመጧቸው ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ላይ አይደለም።

ጋሼ ጎል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እህት ወንድሞቻቸውን እና ሳሎን ሙሉ ባለጉዳይ ትተው አልፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ሲለምኑ ኖረው ለእሳቸው አንድ ሰው እንዲለምንላቸው አልፈቀዱም፤ ዛሬ ግን ሊከለክሉን አይችሉምና፣ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ወደ ፈጣሪ ለምኑላቸው፤ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፣ ደኅና ቦታም ይስጥልን።