ካልሲዬ ውስጥ ያለው ካርድ

ወንድሜን ምን እንደማደርገው እንጃ። የተማሪነት ብድሩን ሳይጨርስ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲደራረብበት፣ ካርዱን ለእኔ ሰጥቶ «ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አለኝ። እሁድ ብሉር ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ የአባታችን ወዳጅ ጋሽ ተፈራ ከነልጆቻቸው መጥተው አብረውን ተቀመጡ። ሂሳብ ሲመጣ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ወንድሜ እጃቸውን ያዘና «በሞቴ፣ እርስዎማ አይከፍሉም» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ካርዱን አምጪ።» ካርዱ ካልሲዬ ውስጥ ነበር። አንገቴን ደፍቼ «ቤት ረሳሁት» አልኩ። ጋሽ ተፈራ ስቀው ከፈሉ።

ስንመለስ ሰብዌይ ባቡሩ ውስጥ ወንድሜ «አዋረድሽኝ» አለኝ።

«አንተ አይደለህ እንዳትሰጪኝ ያልከኝ?»

«በሰው ፊት እንዲህ ይደረጋል? ለማንኛውም ቅዳሜ ከነቤተሰባቸው ጋብዣቸዋለሁ፤ ካርዱን እንዳትረሺ።»

እንግዲህ ቅዳሜ ደግሞ ምን ብዬ ልዋሽ?