ለአባዬ ግን እወርዳለሁ

— ሄሎ!... ሄሎ፣ ማን ልበል?... ሸዋንዳኝ! አንተው ነህ? እሰይ የእናቴ ልጅ! ምነው ድምፅህ ጎረነነ፣ አሞሃል እንዴ?... ቆይ እንጂ፣ ሰላምታ ይቀድማል። እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዓለም ከተማ ሰላም ነው?... እኔማ እግዜር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር።

— ምን አልክ?... ነፋሱ ወሰደብኝ፣ ቆይ ወደ በሩ ልጠጋ... እ?... ቀየት? የኛ ቀየት?... መናኸሪያው ላይ ቆመህ ነው የምትደውለው? ወይ ጉድ! መንበረ፣ አንቺ መንበረ፣ ወንድሜ መጥቷል!... መንበረ ናት፣ የጎረቤቴ የወሰኔ ባለቤት። የበግ ፀጉር እየፈተልን ነው።

— ማንን ልትወስድ?... ጽናትን? ዛሬውኑ?... «አውቶብሱ ሳይመለስ ዕቃዋን ሸክፊ»? ሸዋንዳኝ፣ ጤና የለህም እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ኮረኮንች ተንገላተህ መጥተህ፣ የእህትህን እህል ውሃ ሳትቀምስ ልጅህን ነጥቀህ ልትመለስ?

— ማን ነገረህ?... ባድሩ? ጨርቅ ነጋዴው? እሱማ ደህና ሰው ነው፤ የስፌት ክሩን እንኳ የሚያመጣላት እሱ ነው። በፈረስ ስትሄድ አየኋት ካለህ አልዋሸም።... ምን ይዛ?... ጠመንጃ?! መንበረ ስሚ፣ ጽናት ጠመንጃ አንግታ ትሄዳለች ተብሏል!... አትቆጣ፣ እሺ አልስቅም። ምርኩዟ እኮ ነው! ኮርቻው ላይ ስታስረው ጫፉ በትከሻዋ በኩል ብቅ ይላል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ሲባል አልሰማህም?

— ገባኝ። ገባኝ ወንድሜ።... አዎ፣ ግራ እግሯ እንደ ድሮው ነው። ከሕፃንነቷ የሰለለ እግር ፈረስ ስለተቀመጠች አይፋፋም፣ ማን ይፋፋል አለህ?... «ደህናውንም ትሰብረዋለች»! ተው፣ ክፉ አትናገር።... «የፈሩት ይደርሳል»ን ለሌላ ሰው ንገር፣ ለኔ አትተርትብኝ።

— እሱንማ አውቃለሁ። በጀርባህ አዝለህ ነው ያስተማርካት። ክረምት የለ፣ በጋ የለ፣ ወገብህ እስኪጎብጥ። አንተን የሚወቅስ ቢመጣ መጀመሪያ ከኔ ጋር ነው የሚጣላው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሳታቋርጠኝ ስማ። ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... እህ።

— እዚህ እንደመጣች ስፌት መኪናዋ ላይ ተተክላ ነበር የምትውለው። የኛ አገር ቤቱ የተራራቀ ነው፤ ቀሚስ ሊያስለካ እሷ ድረስ የሚመጣ ስንት ሰው አለ? ሥራ ሲጠፋ ከመስኮቱ ትቀመጣለች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ዳማው ታስሮ ይቆማል።... አዎ፣ የባለቤቴ የአወቀ ፈረስ፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልወጣበትም። እኔ ገብስ አበላዋለሁ፣ እሱ ይወፍራል፣ ሌላ ሥራ የለንም። አንድ ቀን ታዲያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ ጥሩሸዋ፣ እሱ አራት እግር ይዞ ቆሟል፣ እኔ በአንድ እግር ተቀምጫለሁ፤ ለምን አንረዳዳም?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

— እኔማ እምቢ ብዬ ነበር፣ ማርያምን! ወሰኔ ነው ያስተማራት። መጀመሪያማ መከራ ነበር። ዳማው ሰው የሚወጣበት በግራ ነው፣ እንደዚያ ነው የለመደው። የሷ ግራ እግር ደግሞ እርካብ ረግጦ ሰውነቷን አይችልም። በቀኙ ስትመጣበት ይዞራል። እሷም ትዞራለች፣ እሱም ይዞራል፣ አውድማ ላይ እህል የሚያበራዩ ነበር የሚመስሉት!... ወድቃለች እንጂ፣ ምን እዋሽሃለሁ። ከድንጋዩ ካብ ላይ ሆና ልትወጣ ስትል ፈቀቅ አለባትና ጭቃው ላይ ተዘረጋች።... አልተሰበረችም አልኩህ! ጭቃው ውስጥ ሆና ትስቃለች፣ የጮህኩት እኔ ነኝ።

— ወሰኔ ምን ዘየደ መሰለህ? ገብሱን በቀኙ በኩል ብቻ ያበላው ጀመር። ፈረስም እንደ ሰው ነው፣ የሚጎርስበትን ጎን ይወዳል። ይኸው ዛሬ በግራ ብትመጣበት ነው የሚዞርብህ። ለግራ እግሯም ከእርካቡ ላይ ሰፊ ጠፍር ሠራላት፣ እንዳይንጠለጠል።... አይ፣ አይጎትታትም፣ በአንድ እጇ ሳብ ስታደርገው ይፈታል። አሁን ሰው አይመጣልኝም ብላ አትቀመጥም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል ታደርግና እሷው ትሄድላቸዋለች።

— ዳማው ይደነብርባታል ብለህ ነው? የአወቀ ፈረስ? አወቀ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው፣ ጥጃው ተሻለው ወይ ሳይል አያልፍም ነበር። ፈረሱም ያንን ለምዶ፣ ሰው ሲያይ ቀጥ ይላል። ቢገርፉት አይነቃነቅም።

— ችግር ያመጣውስ መቆሙ ነው! ትልቅ ሰው ስታገኝ ከፈረስ ወርደህ እጅ ትነሳለህ፣ አንተም ያደግክበት ነው። እሷም ባለጌ እንዳትባል ለሁሉም ትወርዳለች። መውረዱን ትችላለች፣ መውጣቱ ነው። ለመውጣት ካብ ያስፈልጋታል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ካብ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ለአንድ አዛውንት ወረደች። እሳቸው መርቀዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ እሷ ልጓም ይዛ ቀረች። በረዶ አይመጣ መሰለህ! ፈረስና ሰው አብረው ተቀጠቀጡ። መንበረ ናት ያገኘቻት። ቤት እንደገባች «በቃኝ» አለች። «ሰው ሳላከብር ከምሄድ ቁጭ ብል ይሻለኛል።» እየው ያንተ ልጅ መሆኗን!

— ከዚያማ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ መከሩበት። ነገሩን ያነሱት እኚያው አዛውንት ናቸው፣ «ምርቃቴ በረዶ ሆነባት» ብለው። ምን ብለው ቆረጡ? «ጽናት ከፈረስ አትውረድ። አንገቷን ዝቅ ታድርግ፣ የተቀመጠ ይነሳላት።»... ሁሉም! ይኸው ይነሱላታል። እልል ብዬ ቤት ስገባ ምን አለችኝ? «እሺ፣ ለማንም አልወርድም። ለአባዬ ግን እወርዳለሁ።»

— ሄሎ?... ሸዋንዳኝ? ተቋረጠ እንዴ?... አለህ? የት ናት አልክ?

— አሁን የለችም። ከሜዳው ማዶ ሙሽራ ልትለካ ሄዳለች።... በፈረስ ነዋ! በምን ልትሄድ ኖሯል፣ ባንተ ጀርባ?... ውይ፣ አመለጠኝ። ይቅር በለኝ። ስትመለስ በመናኸሪያው በኩል ነው የምታልፈው፣ ታገኛታለህ። እወስዳለሁ ካልክ ውሰዳት፣ ልጅህ ናት። አንድ ቃል አትመልስልህም፣ አውቃታለሁ። ግን አንዴ ከወረደችልህ፣ እዚያ ካብ የለም። ይኼን እወቅ።

— መንበረ፣ ምን አየሽ?... ዳማው ነው? እርግጠኛ ነሽ?... ሸዋንዳኝ፣ ፊትህን ወደ ጓሳው ሜዳ አዙር። ቀይ ፈረስ፣ ነጭ ነጠላ... አየሃት?... አዎ፣ እሷ ናት!... ቀጥ ብላ ነው አይደል የምትቀመጠው? እንደ እናታችን!... ታለቅሳለህ እንዴ? ሰው ያይሃል፣ ነፋሱ ነው በል።

— አየችህ?... ፈረሱ ቆመ?... ይቆማላ!... ምን እያደረገች ነው?... ጠፍሩን እየፈታች? ልትወርድልህ ነው! እንግዲህ ያንተ ፈንታ ነው፣ እኔ አልናገርም። መንበረ፣ ዝም በይ እስቲ... ሸዋንዳኝ? ስልኩን እንዳትዘጋው...

— እ?... ምን አልካት?... አልሰማሁም፣ ጮክ በል!... «አትውረጂ»?... «አትውረጂ ልጄ» አልካት?! እልልልል! መንበረ፣ አትውረጂ አላት!... ተወው፣ አውቶብሱ ይሂድ!

— አሁን ደግሞ ምን አለችህ?... «ከኋላዬ ተፈናጠጥ»? «ስታዝለኝ ኖረሃል፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው»?... አትፈር፣ ውጣ! ስንት ዘመን ገብሴን የበላ ፈረስ ነው፣ ሁለታችሁንም ይችላል!... ቆይ፣ ቆይ፣ በየት በኩል ነህ?... በግራ አይደለም! ሸዋንዳኝ፣ ይዞርብሃል! በቀኝ ነው፣ በቀኝ ውጣ!... ሄሎ?... ሄሎ?...