ያልተጠየቀ ዕርዳታ

በኅዳር መጨረሻ፣ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ሳያባራ፣ አንድ ደብዳቤ ፕሪንት ለማድረግ ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ወዳለው ላይብረሪ ገባሁ። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው፤ የወገኖቼን ጉዳይ ለፍርድ ቤትና ለሐኪም ቤት በእንግሊዝኛ አስረዳለሁ። ከኮምፒውተሮቹ አጠገብ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከሩ ነበር። ጠጋ ስል ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አቶ መርዕድና ልጃቸው ራኬብ ናቸው።

አቶ መርዕድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ «ሆስፒታል አስተዳደር ክፍል ነኝ» ይላሉ። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሞት ከተለዩ በኋላ ሁለቱን ልጆቻቸውን ወደ ለንደን ያስመጡት ከአራት ዓመት በፊት ነው።

«እግዜር ነው ያመጣህ!» አሉኝ። «የተማርክ ሰው ነህና እስቲ ዳኘን። ይቺ ልጅ ለአሜሪካ ኮሌጆች አፕላይ ታደርጋለች። ታድርግ፤ ደስ ይለኛል። ግን ገና ሳይቀበሏት ‹አባቴ ድሃ ነው፣ እርዱኝ› ብላ ልትጽፍ ነው። ይኼ ልመና አይደለም?»

«አባባ፣ ፎርም እኮ ነው» አለች ራኬብ አቀርቅራ። «ኮሌጁ የቤተሰቡን ገቢ ቼክ ያደርግና የጎደለውን ይሞላል።»

«ፈረንጅ በነፃ ይሞላልሻል?»

«የመንግሥታቸውን ዕርዳታ የውጭ ተማሪ አያገኝም። አንዳንድ ኮሌጆች ግን የራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ቀድመው የተማሩ ሰዎች ለኋለኞቹ የሰጡት ነው።»

«እዚሁ ለንደን ብትማሪስ?» አልኳት።

«የመኖሪያ ወረቀቴ ለትምህርት ብድር አያበቃኝም። እዚህም የምከፍለው እንደ ውጭ ተማሪ ነው።»

አቶ መርዕድ ግን አልተረቱም። «ዕርዳታ የጠየቀን የውጭ ተማሪ ይጥሉታል ሲባል ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ትግባ፤ ከገባች በኋላ ትጠይቅ።»

«ጋሼ መርዕድ፣ የሰሙት ግማሹ እውነት ነው» አልኩ። እንዲህ ያሉ ፎርሞችን ለብዙ ወላጆች አስረድቻለሁ። «በአብዛኞቹ ኮሌጆች ዕርዳታ የሚጠይቅ የውጭ ተማሪ የመግባት ዕድሉ ይጠብባል። የመክፈል አቅሙን ሳያዩ የሚቀበሉት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ሲያመለክት ያልጠየቀን ተማሪ ብዙዎቹ በኋላ አይሰሙትም። ከፍዬ እማራለሁ ብሎ የገባ መክፈል ካቃተው ይቀራል።»

«ሲላስ የቀረው እንደዚያ ነው» አለች ራኬብ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሲላስ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እሱም ሲያመለክት፣ አባቱ «ዕርዳታ አልፈልግም በል» አሉትና አለ። አንድ ኮሌጅ ተቀበለው፤ ቤት ውስጥም ደስታ ሆነ። ወዲያው የሚከፍልበትን ገንዘብ የሚያሳይ የባንክ ማስረጃ ላክ ተባለ። ከየት ይምጣ? ዕርዳታ ቢጠይቅ «ጊዜው አልፏል» የሚል አጭር መልስ ደረሰው። አሁን በአንድ መጋዘን ዕቃ ይጭናል። ከቤት ወጥቶ ኬኒንግተን የሚባል ሰፈር ከጓደኞቹ ጋር ይኖራል፤ አባቱን ካናገረ ዓመት ሆኖታል።

አቶ መርዕድ ፎርሙን ጠጋ ብለው አዩት። ሰው ባለማወቅ ብቻ የሚሳሳት ይመስለኝ ነበር፤ የሚደብቀው ነገር ሲኖረውም እያወቀ እንደሚሳሳት ያን ቀን አየሁ።

«ፔይስሊፔን፣ የደመወዝ ወረቀቴን፣ አሳይ ይላሉ» አሉ በመጨረሻ። «ምን እንደምሠራ የሚገልጽ ደብዳቤም...»

ራኬብ እጃቸውን ያዘች። «አባባ፣ ፖርተር፣ በሽተኛ አመላላሽ መሆንዎን አውቃለሁ። አምና ክንዴ ተሰብሮ የተወሰድኩት እርስዎ የሚሠሩበት ሆስፒታል ነበር። አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ሲያጫውቷት አየሁዎት። እንዳያዩኝ ፊቴን አዞርኩ።»

«አፍረሽብኝ?»

«እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው። ያቺ ሴትዮ እየሳቀች ነበር።»

«ሲላስስ ያውቃል?»

ራኬብ እጃቸውን ለቀቀች። «ነገርኩት። ‹ይኼን ለመደበቅ ነው እኔን ያስቀረኝ› አለ። ከዚያ ወዲህ ነው የጠፋው።»

አቶ መርዕድ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «የት ላይ ነው የምፈርመው?» አሉ። ሥራቸው በሚጠየቅበት ቦታ ምን መጻፍ እንዳለበት ፊደል በፊደል ነገሯት።

ራኬብ ለስምንት ኮሌጆች አመለከተች። መጋቢት ላይ ስድስቱ አልተቀበሏትም። ሰባተኛው ተቀብሎ የሰጣት ዕርዳታ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም ነበር። ስምንተኛው፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው አንድ ትንሽ የገጠር ኮሌጅ፣ ትምህርቷንም መኝታዋንም ምግቧንም ቻለላት። በነሐሴ ሄደች፤ አቶ መርዕድም ብቻቸውን ቀሩ።

በጥቅምት ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች በአዳራሹ ሲሰበሰቡ፣ እሳቸው እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

«መርዕድ እባላለሁ፤ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የማመላልስ ፖርተር ነኝ» አሉ። «ልጆቻችሁ ለአሜሪካ ሲያመለክቱ ገቢያችሁን አትደብቋቸው። ኮሌጁ ለውጭ ተማሪ ይረዳ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የሚረዳ ከሆነ ከማመልከቻው ጋር አብራችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ፤ እኛንም ብለውናል። ግን እውነቱን በመጻፋችን ልጄ ያለ ዕዳ እየተማረች ነው። ምን እንደምሠራ ስለሚታወቅ ደግሞ፣ ዛሬ ደክሞኝ ስመጣ ደክሞኛል ማለት እችላለሁ።»

ወይዘሮ ሮማንወርቅ የተባሉ እናት፣ «ወንዱ ልጅዎስ? እሱም ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

«አልሄደም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኬኒንግተን እየሄድኩ በሩን አንኳኳለሁ፤ እስካሁን አልከፈተልኝም።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሌሎቹ ሲበታተኑ ወይዘሮ ሮማንወርቅ ወንበራቸውን ስበው አቶ መርዕድ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከቦርሳቸውም የራሳቸውን ፔይስሊፕ አወጡ።