በሽታቸው የዘር መሆኑን በአደባባይ የተናገሩት የአቶ ግዛቸው ወልደዮሐንስ ዜና ሕይወት

አቶ ግዛቸው ታሪካቸው ሲነበብ አንዳች ነገር እንዳይዘለል በሕይወት ሳሉ አጥብቀው ስላዘዙ፣ ቃላቸው ሳይሸራረፍ ይነበባል።

አቶ ግዛቸው ከአባታቸው ከአቶ ወልደዮሐንስ ባልቻና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታገኝ በ1929 ዓ.ም. በፍስሐ ገነት ተወለዱ። አባታቸው ከሰላሌ መጥተው በቡና ንግድ የተቋቋሙ ሰው ሲሆኑ፣ ገና በጎልማሳነታቸው ገበያ መሐል ወድቀው፣ ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ከርመው ዐረፉ። ዘመድ ምች ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ የአባታቸው ወንድም በዚያው አኳኋን ሲሞቱም ፈረስ ጣላቸው ተባለ። ልጅ የሚዳረው ዘር ተቆጥሮ ነውና፣ ሽማግሌ በጠየቀ ቁጥር የቤተሰቡ መልስ “ዘራችን ንጹሕ ነው” የሚል ነበር።

አቶ ግዛቸው በዲላ ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ እንደ አባታቸው ቡና ነግደው፣ ከአብዮቱ በኋላ የግል ቡና ንግድ ሲጠብ ወደ እህል ዞረው፣ ከወይዘሮ ወርቂቱ ጋር ሦስት ልጆች ወልደው አሳደጉ። ተጫዋች ነበሩ፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እያንቀላፉ እንኳ ማጨብጨቢያው አያመልጣቸውም ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የደም ግፊት፣ ስኳርና ሰውን ድንገት ጥሎ ሽባ የሚያደርገው በሽታ በዘር ይተላለፉ እንደሆነ የሚያጠኑ ሐኪሞች ዲላ መጥተው፣ ደም እየቀዱ የየቤተሰቡን ሕመም ሲጠይቁ፣ ወቅቱ ታላቂቱን ልጃቸውን የሺሃረግን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ደጅ የሚመላለሱበት ነበር። አቶ ግዛቸውም ለአማች የሚመለሰውን ለሐኪም መለሱ፤ ዘራችን ንጹሕ ነው አሉ። በዚህም ቤተሰቡ ለማነጻጸሪያ ከጤነኞቹ ወገን ተመደበና፣ እውነቱን የተናገሩት በየጊዜው እየተመረመሩ መድኃኒት ሲቀበሉ፣ እነርሱ ደማቸውን ሰጥተው ተሰናበቱ።

በዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ከፈለኝ ገደብ በምትባለው ከተማ የገበሬዎች ማኅበሩን ቡና ሲያስመዝኑ ወደቁ፤ አንደበታቸው እንደተዘጋ ዐረፉ። በለቅሶው ላይ ምች ነው የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ አቶ ግዛቸው አማቾቻቸው በተቀመጡበት ተነሥተው፣ “ምች አይደለም። አባቴን የገደለ የዘራችን በሽታ ነው፤ በወንድሜ ሞት ግን የእኔም ውሸት አለበት” አሉ። የየሺሃረግ ጋብቻ ሳይፈጸም ፈረሰ። ዘመድም ልጅህን ቆሞ ቀር አደረግሃት ብሎ ደጃቸውን መርገጥ ቢያቆምም፣ እርሳቸው እሺ ያላቸውን ሁሉ እየጎተቱ ሐኪሞቹ ዘንድ አደረሱ። በምርመራውም በእርሳቸውና በየሺሃረግ ላይ የደም ግፊቱ ተገኘ። የእርሳቸው ኩላሊት አስቀድሞ ተጎድቶ ስለነበር፣ መድኃኒት ሲገኝ እየወሰዱ፣ ሲጠፋ እየታገሡ ቆይተው፣ በኅዳር ወር 1981 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ግዛቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወርቂቱን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውንና ዛሬ ጠዋት መድኃኒታቸውን ውጠው ከአስከሬኑ አጠገብ የቆሙትን ወይዘሪት የሺሃረግን ትተዋል። ወንዶቹ እስካሁን አልተመረመሩም።

አምላክ የአባትን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ የልጂቱን ዕድሜ ከአባቷ ዕድሜ ያስረዝምልን። አሜን።