የኮከቡ ማዲያት

ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ጀማል የሚባል የደሴ ልጅ ፎቶ ቤት አለው። እኔ እዚሁ ብወለድም ድሬዳዋ ስላደግሁ የምናወራው በአማርኛ ነው። ውጭ አገር ጉባኤ ላይ የማቀርበውን ፖስተር እንዲያትምልኝ ሰጠሁት። በሬዲዮ ቴሌስኮፕ የተነሳ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው፤ ጥቁር ላይ የተበተነ ክብ ጭስ ይመስላል፣ መሀሉ ነጫጭ ነጥቦች አሉበት። የእኔ ሥራ የትኛው ነጥብ ከቅሪቱ ውስጥ፣ የትኛው ከጀርባው እንዳለ መለየት ነው። ወደ አየር ማረፊያ ስሄድ ታክሲውን ደጅ አስቁሜ ፎቶ ቤቱ ገባሁ። ፖስተሩን ሲዘረጋው ጭሱ አምሮበታል፤ ነጥብ የሚባል ግን የለም።

«ጀማል፣ ነጥቦቹስ?»

«አጸዳሁልሽ። የሙሽራ ማዲያት ስናጠፋ አይደል የምንውለው?»

«ጥናቴ እኮ እነሱ ናቸው።»

«ወላሂ ቆሻሻ መስሎኝ ነው፣ እህቴ» አለ፣ ፊቱ ልውጥ ብሎ። ባለታክሲው ውጭ ክላክስ እያደረገ፣ እሱ ዋናውን ፋይል ከፍቶ እንደገና አተመልኝ። «በቃ፣ አሁን በጣቴም አልነካሁትም» ብሎ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለጥቂት ደረስኩ።

ጉባኤው ላይ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ፖስተሬን ሲያዩ ቆዩና ጠርዝ ላይ ያለች ደማቅ ነጥብ አሳዩኝ። «ይቺስ ከውስጥ ናት ከጀርባ?» አሉኝ። እኔ እንዲህ ያለች ነጥብ አላውቅም። ጠጋ ብዬ በጥፍሬ ነካ ባደርጋት ተነሥታ ጥፍሬ ላይ ቀረች፤ የወረቀት ብናኝ ናት።

«ከፊት ናት» አልኳቸው።