«አንጣላም» የሚባለው ዋጋ

ከጎባ ሮቤ የምመላለሰው ሚዛን ለመጠገን ነው። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሹትን እየፈታሁ ለመድኩት። ዝምታ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ እኔም ከመናገር ማድመጥ ይቀናኛል። በየመጋዘኑና በየወፍጮ ቤቱ ሰዎች መኖሬን ረስተው ያወራሉ። ይህንንም ታሪክ ያገኘሁት አጎንብሼ ብሎን ሳጠብቅ ነው፤ ጥቅሙን አንባቢ ራሱ ይመዝነው።

ባለፈው ጥር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮቤ፣ አቶ ገብረወልድ መጋዘን ነበርኩ። አቶ ገብረወልድ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መጋዘናቸው ስድስት መቶ ኩንታል ይይዛል፤ በዚያ ቀን ግን ውስጡ የነበረው አሥራ አንድ ጆንያ ገብስ ብቻ ነው። ሚዛናቸው በዓመት አንዴ ቢታይ የሚበቃው ነው። እሳቸው ግን ያን ጊዜ በወር ሁለቴ ይደውሉልኝ ነበር። «ብዙነህ፣ ትንሽ ያጋደለ መሰለኝ» ይሉኛል። ሄጄ አየዋለሁ፤ አላጋደለም። ቢሆንም ፈታ አድርጌ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ አስረዋለሁ፤ በዚያ መሃል እሳቸው ያወራሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ አቶ ገብረወልድ እስከ ዛሬ የሚቀመጡት ጫፉ ላይ ነው።

«አንድ ደላላ የካቲት ሳያልቅ የመጋዘኑን ቁልፍ እንዳስረክበው ይፈልጋል» አሉኝ። «ጠቅላላውን ተከራይቶ ሲሚንቶ ሊያስገባበት ነው። እኔ አዳማ፣ ረድኤት ዘንድ እገባለሁ። ልጄ ናት፣ አታስከፋኝም።»

«ይሻልዎታል?» አልኳቸው።

«ምን ይሻለኛል? አዳማ ማንን አውቃለሁ? እዚህስ ቢሆን ማን ይመጣል?»

ይህን እያሉ ሳለ ወራቱ ያልሆነ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። አንዲት ወጣት የላስቲክ ማኅደር ራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ገባች።

«አካም ኦልታኒ፣ እንዴት ዋሉ አባባ! እስኪያባራ ላስቸግርዎት?»

«ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው። ግቢ ልጄ፣ ቦታ እንደሆነ ሞልቷል» አሉና ባዶውን መጋዘን በእጃቸው አሳዩዋት።

ስሟ ሌንሳ ነው። የአጋርፋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዕቃ ክምችትና ማጓጓዝ ተምራ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እንዲያውም አባባ፣ ነገ እመጣብዎት ነበር» አለች። «ለአንድ ኩንታል የወር ማስቀመጫ ስንት ያስከፍላሉ?»

«ምን ልታስቀምጪ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ዋጋው ምን ይሠራልሻል? ትበይዋለሽ?»

«እጽፈዋለሁ። የሮቤን መጋዘኖች ዋጋ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አድርጌ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ በቴሌግራምም እለቀዋለሁ።»

አቶ ገብረወልድ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ? የእኔን ኪስ ግድግዳ ላይ!»

በአገራችን ስላለው ልማድ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። ገበሬ እህሉን ሊያስቀምጥ መጥቶ «ዋጋው ስንት ነው?» ቢል ባለመጋዘኑ «አንጣላም» ይለዋል። ዋጋ መናገር እንደ ንፍገት፣ አጥብቆ መጠየቅም እንደ አለማመን ይቆጠራል። እህሉ ይገባል፤ ሒሳቡ የሚነሳው ከወራት በኋላ፣ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጥሩምባ እያስጮኸ ነው።

አቶ ገብረወልድም ይህንኑ አሉ። «እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ‹አንጣላም› ስል ነው የኖርኩት። ቤቴ የሚመጣው እንግዳ እንጂ ገዢ አይደለም።»

«ተጣልተው አያውቁም?» አለች ሌንሳ።

አቶ ገብረወልድ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ።

ከዚያም፣ «ለመሆኑ ማን ልኮሽ ነው? መንገዱ ማዶ መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው አይደል? እኔን አስለፍልፎ አንድ ብር ሊቀንስብኝ!» አሉ።

«ከባለመጋዘን ሳንቲም አልቀበልም፣ አባባ። የሚከፍሉኝ ወረቀቱን የሚፈልጉት ገበሬዎች ናቸው፤ ያዋጣሉ። አጎቴ ጃለታም መጋዘን አለው። የሱን ዋጋ ከሁሉም ውድ ብዬ ጻፍኩት፤ እናቴ እስከ አሁን ታኮርፈኛለች።»

«ጃለታን! ዘመድሽን!» አቶ ገብረወልድ ሳያስቡት ሳቁ። «ይበለው። ድሮም እጁ ረጅም ነው።»

ሌንሳ ማኅደሯን ከፈተች። «ማዶ ያለው ነጋዴ ለገበሬው ‹በወር ስምንት ብር› ይላል። ስምንት ሲሰማ ሁሉም ይሮጣል። ማውረጃ አሥር፣ መጫኛ አሥር፣ መመዘኛ ሁለት መሆኑ የሚነገረው ግን በመጨረሻ ነው። ለአንድ ወር ሠላሳ ብር ይመጣል። እርስዎስ ሁሉንም ቢደምሩት?»

አቶ ገብረወልድ ጥቂት አመነቱ። «በወር አሥራ ሁለት ነው። ለጫኝና አውራጆቹ ደግሞ በጠቅላላው ስምንት። ሚዛን በነጻ።»

«ሃያ ማለት ነው። ይህን ማን ያውቃል?»

አቶ ገብረወልድ ቀና ብለው ተቀመጡ። «በይ እንግዲያው ጻፊው!»

«ለአምስት ወርም እጽፋለሁ። ለአምስት ወር የእሱ ስልሳ ሁለት፣ የእርስዎ ስልሳ ስምንት ይሆናል።»

«የአምስት ወሩን ምን አመጣው?»

«አምስት ወር የሚያስቀምጥ ገበሬ አለ፣ አባባ። ጥግ ያለው ጆንያ ላይ የሚንጠባጠበውንም እጽፋለሁ። ቆርቆሮዎ ያፈሳል።»

እኔ ብሎኑን ጣልኩት። አቶ ገብረወልድ ጥጉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ጥጉን አዩ። በቁጣ የሚያስወጧት መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሲምቦ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። አምስት ኩንታሏን አስቀምጥላትና ያላትን ትሰጠኛለች፤ አንዳንዴም ምንም። ዋጋዬን ግድግዳ ላይ ከሰቀልሽው እሷን ምን ልበላት?»

«ዋጋው አሥራ ሁለት ነው፣ ለአንቺ ግን በነጻ ነው ይበሏት። ዛሬ ምን እንደማሯት አታውቅም። ያነሰ የሰጠች እየመሰላት አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው።»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ወረቀት አያስፈልገውም» አለች ሌንሳ በትሕትና። «የምጽፈው ለእሷ ነው።»

ይህ ንግግር እኔንም ነካኝ። ምጽዋትን መሰወር ታዟል፤ እኔም ሲምቦ ግድግዳ ላይ እንድትጠቀስ አልመኝላትም። ዋጋን መሰወር ግን ሌላ ነው። የተሰወረ ዋጋ ቸሩንና ቀማኛውን አንድ ልብስ ያለብሳቸዋል፤ ድሀውም ማንን እንደሚመርቅ ይቸግረዋል።

ሌንሳ ቀጠለች። «አጋርፋ አካባቢ ሠላሳ ገበሬ አነጋግሬያለሁ። አንድ ሽማግሌ ከሁሉ ይበልጥ አሳዘኑኝ። ከወዳጃቸው ዘንድ እህል አስቀምጠው ‹አንጣላም› ተባሉ። ሲያወጡ እንዳያሳፍሩት ብለው በግምት ሰጡ፤ እሱም ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ። በኋላ ገበያ ላይ ሌሎች የከፈሉት ግማሹን መሆኑን ሰሙ። እኔን ምን አሉኝ? ‹ወዳጄ ዘርፎኝ ይሁን ወይስ ስጦታ መስሎት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጠይቀውም አፈርኩ፤ ስለዚህ ቀረሁ።›»

የአቶ ገብረወልድ እጅ አግዳሚው ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ።

«ሲሄድ ያነክሳል? በግራ እግሩ?»

«ስማቸውን አልናገርም፣ አባባ። ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።»

«መሬት ላይ ጭረት እየሣለ ነው የሚያወራው?»

ሌንሳ ማኅደሯን ዘጋች። አቶ ገብረወልድ ስለ ባዳሳ እያሰቡ እንደሆነ አወቅሁ። ኦቦ ባዳሳ የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ወደ መጋዘኑ መምጣት ትተዋል። ምክንያቱን አቶ ገብረወልድ ሚዛኑን ስጠርግ ስንት ጊዜ ጠይቀውኛል! እኔም አላውቀውም ነበር።

«ስጦታ መስሎኝ ነበር» አሉ። ለማን እንደሚናገሩ አልታወቀኝም። «አዎ፣ ሳልቆጥር ነው የወሰድኩት። መቁጠር ነውር መስሎኝ።»

ዝናቡ አባራ። ሌንሳ ተነስታ ማኅደሯን ያዘች። እሳቸውም፣ «ሁሉንም ጻፊ» አሏት። «የአምስት ወሩንም። የሚያፈሰውንም።»

ወረቀቱ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ስድ ነገር የሚናገሩ አልጠፉም፤ አንድ ባለመጋዘን ቀዶት፣ እሷም በማግስቱ መልሳ ለጥፋዋለች። ውሎ አድሮ ግን ለውጡ ታየ። ማዶ ያለው ነጋዴ ማውረጃና መጫኛውን ከመጀመሪያው መናገር ጀመረ። ከዲንሾ ስምንት ኩንታል ገብስ ይዛ የመጣች ሴት ወረቀቱን አስነብባ፣ ለአንድ ወር ልታስቀምጥ ወደ አቶ ገብረወልድ ሄደች። ጃለታ እንኳ ዋጋውን ቀነሰ፤ የሌንሳም እናት ኩርፊያውን ተዉት። አቶ ገብረወልድ ቆርቆሯቸውን አስጠገኑ፤ ሌንሳ መጥታ ካየች በኋላ «ያፈሳል» የሚለውን ሰረዘችው። ደላላው ግን አሁንም ይደውል ነበር።

የካቲት ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው «ያጋደለ መሰለኝ» ተብዬ ሄድኩ። ሚዛኑ ሥር አጎንብሼ ሳለ ጆንያ የጫነ ጋሪ በር ላይ ቆመ። በግራ እግራቸው የሚያነክሱ ሽማግሌ ከኋላው መጡ። ኦቦ ባዳሳ ነበሩ።

«ወረቀቱን አይቻለሁ፣ ገብሬ» አሉ።

«አየኸው?»

«አየሁት። አሥራ ሁለት ነው፣ ስምንት ደግሞ ለጫኝ አውራጅ። ለአምስት ወር ማዶ ይሻላል ይላል።»

«ይሻላል። ልጅቱ ልክ ናት።»

«እኔ የማስቀምጠው ለአምስት ወር ነው» አሉ ኦቦ ባዳሳ። «እዚህ ነው የማስቀምጠው። የሚበልጠውን አውቄ ነው የምከፍለው።»

ጆንያዎቹ ተመዝነው ገቡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመው ቀሩ። ድሮ ቢሆን ይህ ጊዜ «ስንት ልስጥህ»፣ «ተወው»፣ «አይሆንም» እየተባባሉ የሚያልፍ ነበር። አሁን ዋጋው ግድግዳ ላይ ስላለ የሚከራከሩበት ነገር አልነበረም። ያ ከመካከላቸው ሲነሳ ሳይነገር የቆየው ነገር ብቻ ቀረ።

ኦቦ ባዳሳ በዱላቸው መሬት ላይ አንድ ጭረት ሣሉ።

«ለወለተኢየሱስ ለቅሶ አልደረስኩም» አሉ።

«አልደረስክም።»

«ሰምቼ ነበር። እስከ ሮቤ መግቢያ መጥቼ ተመለስኩ።»

አቶ ገብረወልድ አግዳሚው ላይ፣ እንደ ልማዳቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለውን ቦታም በመዳፋቸው ጠረጉት።

ኦቦ ባዳሳ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ተለቀሰ።

እኔ መፍቻዬን ቦርሳዬ ከተትኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ሚዛኑ አላጋደለም ነበር። አቶ ገብረወልድ ቁልፉን ለደላላው አላስረከቡም። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የደወሉልኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።